ከሀ ሁ በፊት መነጽር

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» የምትለዋ ተረት ስንቱን ሳይጀምር አስቀርታለች። ስልሳ ያለፋቸው ሴት ደብተር ገዝተው ሲገቡ ከጎረቤት አንዱ ይህችን ጣል ያደርጋል፤ ሳቅ ይሆናል፤ ደብተሩ ሳጥን ግርጌ ይገባል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ትልቅ ሰው ፊደል የሚከብደው ከዕድሜው ይልቅ በልጅ ሥርዓት ስለምናስተምረው ነው። ቅደም ተከተሉ የልጅ፣ መጽሐፉ የልጅ፣ ቁጣው የልጅ። እናቱን፣ አክስቱን፣ የግቢውን ዘበኛ ወይም ቤት ውስጥ የምታግዘውን ሴት ማንበብ ማስተማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን ሥርዓት መገልበጥ አለበት።

ከደብተርና ከእርሳስ በፊት ዓይን ይታይ። ከ40 ዓመት ግድም ጀምሮ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ የቅርብ ነገር ይደበዝዛል። የሩቁን አጥርተው የሚያዩ ሰው የደብተሩን ላያዩት ይችላሉ፤ ደግሞም አይናገሩም፤ «አእምሮዬ አልቀበል አለ» ነው የሚሉት። ምልክቱን ቤት ውስጥ ታገኙታላችሁ። ክር ወደ መርፌ ለማስገባት ልጅ የሚጠሩ፣ ምስር ሲለቅሙ ሰፌዱን ወደ በር የሚያስጠጉ፣ ወረቀት ሲሰጧቸው እጃቸውን እየዘረጉ የሚያርቁ ሰው መነጽር ይፈልጋሉ። የንባብ መነጽር ቁጥር በአርባዎቹ አጋማሽ ከ+1.00 እስከ +1.50፣ በሃምሳዎቹ +2.00 አካባቢ፣ ከስልሳ በላይ ደግሞ ከ+2.50 እስከ +3.00 ነው። ወረቀቱን ከዓይን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ አንዱን ዓይን በመዳፍ ከድኖ፣ ሁለቱንም በየተራ መሞከር ነው። በመነጽሩም ካልጠራ፣ ወይም አንዱ ዓይን ከሌላው በጣም ካነሰ፣ ነገሩ ሞራ ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሐኪም ሳያይ ትምህርቱ አይጀመር። በአገራችን ትራኮማ ብዙ ስለሆነ የሽፋሽፍት መገልበጥም አይዘንጋ፤ ዓይኑ የሚቆረቁረው ሰው አሥር ደቂቃም ፊደል ላይ አይቆይም። ብርሃኑ ከመስኮት፣ ከትከሻ ኋላ ይምጣ። ማታ በደካማ አምፖል የተጀመረ ትምህርት በሳምንቱ ሲቋረጥ ጥፋቱ የተማሪዋ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ይህ ያናድደኛል።

ቀጥሎ ቁጥሩን እንቀንስ። ገበታው ላይ 33 ቤት በ7 ተባዝቶ 231 ፊደል ተደርድሯል፤ ዲቃሎቹ፣ እንደ ሏ እና ቋ ያሉት፣ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣል። ይህን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ይሄን ሁሉ ይማራሉ» ማለት ገና በበሩ ማስፈራራት ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ለጊዜው ይቆዩ። ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ሥራቸውን ይሠሩላቸዋል። በዕለት ንባብ እምብዛም የማያጋጥሙት ዠ፣ ጰ እና ፐም ይቆዩ። 25 ቤት ቀረ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ጀ እና ጨ የሰ፣ የተ፣ የነ፣ የከ፣ የደ እና የጠ ልጆች ናቸው። ወላጁን የያዘ ሰው ልጁን የሚለየው በተጨመረችው ምልክት ብቻ ስለሆነ አብዛኛውን በአንድ ሳምንት ይለቅማቸዋል። ስለዚህ በእርግጥ እንደ አዲስ የሚጠኑት 19 ቤቶች ብቻ ናቸው፦ ሀ ለ መ ረ ሰ ቀ በ ተ ነ አ ከ ወ ዘ የ ደ ገ ጠ ጸ ፈ። በሳምንት ሁለት ሁለት ቤት ቢኬድ አሥር ሳምንት ግድም ነው። ለሰባ ዓመት ሰው «አሥር ሳምንት» ማለትና «231 ፊደል» ማለት ምን ያህል እንደሚራራቁ ፊታቸው ላይ ታዩታላችሁ።

አሥራ ዘጠኙን በሀ ሁ ተራ አትጀምሩ። የመጀመሪያው ትምህርት የተማሪዋ ስም ይሁን። አበበች ከሆኑ አ፣ በ፣ ች። ስሙ በትልቁ ካርቶን ላይ ይጻፍና ሳጥናቸው ወይም አልጋቸው ራስጌ ላይ ይለጠፍ። ቀጥሎ የለ እና የበ ቤት። እነዚህ ሁለቱ ከአ ጋር ሆነው በመጀመሪያው ሳምንት ቃል ይወልዳሉ፦ በላ፣ ላብ፣ ላባ፣ ልብ፣ ባል፣ ብል፣ ቢላ፣ ቡላ፣ አባ፣ አለ፣ አበባ፣ ሌባ። «ሌባ»ን ሲያነቡ ካልሳቁ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ትምህርቱ ደርቋል ማለት ነው። ተ እና መ ሲጨመሩ ቤት፣ አባት፣ አማት፣ ማታ፣ ሎሚ፣ ትል ይመጣሉ። ትልቅ ሰው ከልጅ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ፊደሉንም ቃሉንም ገና እየተማረ ነው፤ ትልቅ ሰው ግን ቃሉን ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ስለኖረ ግማሹን ሲያነብ ሌላው ከአፉ ይወጣል። ከሦስት ወር በፊት ቃል የማይወልድ ትምህርት ግን ይህን ብልጫ ያባክነዋል።

ለ እና በ የሚመረጡት ሥርዓት ስለሚያከብሩም ነው። ካዕቡ በቀኝ ወገብ ላይ ጭረት ያወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ። ሣልሱ ጭረቱን ወደ ቀኝ እግሩ ያወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ። ኃምሱ እዚያው እግር ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። ራብዑ ግራ እግሩን ያሳጥራል፦ ባ፣ ሳ፣ ዳ። ሳብዑ ደግሞ በተቃራኒው ቀኙን፦ ቦ፣ ሶ፣ ዶ። ሳድሱ፣ ማለትም ል፣ ብ፣ ስ፣ ሕግ የለውም፤ በቃል ነው የሚያዘው። ይህን ሕግ በአምስት ቤት ላይ ያየ ሰው ስድስተኛውን ሳይነገረው ይገምታል፤ በራሱ ግምት ያገኘውን ደግሞ አይረሳውም። ረ እና ፈ አመጸኞች ናቸው (ሩን እና ፉን ከቡ ጋር አስተያዩ)፤ ሕጉ ከጸና በኋላ ወደ መጨረሻ ይምጡ። ባ እና ቦ፣ ሳ እና ሶ ብዙ ሰው ያምታታሉ። መፍትሔው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «የትኛው እግሩ ነው ያጠረው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በ እና ሰ፣ ወ እና ቀ ግን በአንድ ቀን ፈጽሞ አይጀመሩ። አንዱ ሳይጠና የሚመስለው ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ።

የቆሎ ትምህርት ቤትን የናቀ ሰው እዚህ ጋ ያፍራል። ልጁ ስንደዶ ይዞ ገበታውን እየነካ ሀ ሁ ሂ ሃ ሲል ዜማው ይይዘዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ጨፍኖም ይለዋል። ዜማውን ያውቃል፤ ፊደሉን አያውቅም። የድሮ መምህራን ይህን በደንብ ያውቁ ስለነበር አቡጊዳን ያስቀጥላሉ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፦ ቤቱም ድምፁም በየፊደሉ ስለሚቀያየር የተለመደው ዜማ ይሰበርና ዓይን ለመሥራት ይገደዳል። ለቤት ተማሪም ያው ነው። ሀ ሁን ከልጅነት ጀምሮ በጆሯቸው የሰሙ ብዙ እናቶች በቃላቸው ይወርዱታልና አትታለሉ። ፊደሉን በካርድ ቆራርጣችሁ አደባልቁና አንድ አንድ አውጡ። በቃል የሚታወቅ ጸሎትም እንዲሁ ነው። አቡነ ዘበሰማያትን ከመጽሐፍ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ሲሉ ያነበቡ ይመስላሉ፤ ከመካከል አንድ ቃል ነክታችሁ «ይሄ ማነው?» ስትሉ እውነቱ ይወጣል። ይህ ግን ጥሩ መሣሪያም ነው። ቃሉ በአፍ ስላለ እያንዳንዱን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ማጋጠም ይቻላል፤ ጣት ከአፍ እንዳይቀድም፣ አፍም ከጣት እንዳይቀድም መጠበቅ ብቻ ነው። ቁርኣን መቅራት የሚችሉ ደግሞ ድምፅ በምልክት እንደሚታሰር ቀድሞውኑ ስለሚያውቁ ግማሹን መንገድ ጨርሰዋል። ዓይናቸው ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ስለለመደ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መስመሩ በጣት ይጠቆምላቸው።

ካርዶቹን ከፓስታ ካርቶን መቁረጥ ይቻላል። ፊደሉ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፤ በወፍራም ማርከር ይጻፍ። ሦስት አሮጌ ፖስታ አዘጋጁ። አንደኛው የየዕለት፣ ሁለተኛው በሦስት ቀን አንዴ፣ ሦስተኛው በሳምንት አንዴ የሚታይ። አዲስ ካርድ አንደኛው ውስጥ ይገባል። በሁለት ተከታታይ ቀን ሳይንተባተቡ ያሉት ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ያልፋል። የተሳሳተ ካርድ የትም ይሁን ወደ አንደኛው ይመለሳል። ትምህርቱ በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ይበቃል። እሑድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ እስከ ሌላ እሑድ መርሳት የሚያተርፈው ድካም ብቻ ነው። ቡና እየተቆላ የሚደረግ ትምህርት ከሁሉ ይሻላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ ራሱ ይመጣል፣ ማስታወሻ አይፈልግም።

ከፊደል ወደ ቃል ሲገባ ትልቁ እንቅፋት ሳድስ ነው። «ብርድ»ን ሦስቱን ፊደል ለየብቻ ብ፣ ር፣ ድ ብለው ያነባሉ፤ ሦስቱንም ያውቃሉ፤ ቃሉ ግን አይመጣም። ምክንያቱ ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ ይኖረዋል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ የትኛው እንደሆነ ጽሑፉ አይነግርም። የመጨረሻውን ፊደል በጣት ከድናችሁ «ብር» አስብሉ። ከዚያ ጣት አንሡ፦ ብርድ። «ልብ» አስብላችሁ ጣት ስታነሡ ልብስ። በዚህ መንገድ አሥር ያህል ቃል ካለፉ በኋላ ጆሯቸው ሥራውን ይረከባል። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ አይጻፍም። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር፣ ሲጠብቅ በዓሉ። ተማሪዋ አላልተው አንብበው ትርጉሙ ሲጠፋባቸው የንባብ ስሕተት አልሠሩም። «እስኪ ጠበቅ አድርገው ይበሉት» በቂ ነው።

ዝምታ የአስተማሪው ከባዱ ሥራ ነው። ተማሪዋ ፊደሉን አይተው ሲያስቡ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ወጣት አስተማሪ፣ በተለይ የልጅ ልጅ፣ ሦስት ሳይቆጥር መልሱን ይናገራል፤ አያትም «እሱ ያውቃል» ብለው መፈለግ ይተዋሉ። ሲሳሳቱ «ተሳሳቱ» ከማለት «ደግመው ይዩት» ይሻላል። በአንድ መስመር አምስት ስሕተት ካለ አንዱን ብቻ ያዙ፤ የቀረው ለነገ። ከአሥር ፊደል ከሦስት በላይ የሚሳሳቱ ከሆነ ወደኋላ መመለስ ያለበት ትምህርቱ ነው፤ አዲስ ቤት አይከፈት። ደግሞ በልጆች መጽሐፍ አታስተምሩ። ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት «ድመቷ ኳስ ያዘች» የሚል ሲነበብላቸው ትዕግሥታቸው ቶሎ ያልቃል።

ምን ይነበብ? እጅ ላይ ያለው። የጨው ከረጢት፣ የስኳር ወረቀት፣ «መድኃኒት ቤት»፣ «ዳቦ ቤት»፣ የመጸዳጃ ቤቱ «ሴቶች» እና «ወንዶች»፣ የከተማ አውቶቡስ ግንባር ላይ ያለው የሰፈር ስም። እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው የእድር ወይም የእቁብ ስም ዝርዝር ነው። ሃያ ስም ያለበት ወረቀት፣ ሁሉም የሚያውቋቸው ሰዎች። የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደል ሲያገኙ የቀረውን ከሰዎቹ ፊት ያነቡታል። አንድ የእቁብ ወረቀት ላይ ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ ራሳቸው ያረጋገጡ ሴት ከዚያ በኋላ ትምህርት አያቋርጡም፤ ገንዘባቸው ነውና።

በዚሁ ጊዜ ስልኩ ይገባል። «አሁን የድምፅ መልእክት እያለ ማንበብ ለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። የባንክና የቴሌብር መልእክት ግን በጽሑፍ ነው የሚመጣው፤ ያላነበበ ሰው ደግሞ መልእክቱን ለሌላ ሰው ያሳያል፤ ለሌላ ያሳየ ይዘረፋል። ብዙ ትልልቅ ሰዎች 1፣ 2፣ 3ን ከብርና ከስልክ ቀድመው ስለሚያውቁ መጀመሪያ ገንዘቡን ያግኙ፣ ቀጥሎ «ገቢ» ነው ወይስ «ወጪ»፣ መጨረሻ የላኪውን ስም። ሦስቱን ብቻ ማግኘት ይበቃል። የምስጢር ቁጥር ሲለማመዱ በውሸት ቁጥር ይሁን። እውነተኛውን ሲያስገቡ አስተማሪው፣ ልጃቸውም ቢሆን፣ ፊቱን ያዙር። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ማሳየት ራሱ ትምህርት ነው።

ጽሕፈት ከንባብ ወደ ኋላ ቢቀር አያስደነግጥም። እርሻና ማጀት ያጠነከረው እጅ ቀጭን እስክሪብቶ አይጨብጥም፤ ብዕሩም ወረቀቱ ላይ ያንሸራትታል። ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ የሚባለው፣ ላስቲክ ተጠምጥሞበት ወፈር ይበል። ባለ ካሬ ደብተር ላይ አንድ ፊደል በአራት ካሬ ይጻፍ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የመጀመሪያው ግብ ስም ነው፣ ፊርማ ስለሚሆን። አውራ ጣት ቀለም መንከር ብዙ ሰው ከምንም በላይ የሚያሸማቅቀው ነገር ነው። ፊርማው ቆንጆ መሆን የለበትም፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ዛሬ ተያይዞ ነገ ተነጣጥሎ የተጻፈ ፊርማ ባንክ ቤት ያመላልሳል። ስለዚህ አንድ ቅርፅ ተመርጦ በየቀኑ አሥር ጊዜ፣ ለአንድ ወር።

ይህ ሁሉ በአንድ ቤት የሚሆነው ነገር አገር አቀፍ ሆኖ ተሞክሯል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግእዝ ፊደል ተጽፈው፣ የተካሄደ ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት ሰጥቶታል። የሚያኮራ ነው። ድክመቱም መነገር አለበት። ፊደል ለይቶ ምስክር ወረቀት የተቀበለ ገበሬ መንደሩ ውስጥ የሚነበብ ወረቀት ካላገኘ በጥቂት ዓመት ይረሳል፤ ብዙዎችም ረሱ። ኋላ የመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ሁለት ዓመት የሆነውና ንባቡን ከእርሻ፣ ከጤናና ከቁጠባ ጋር ያያያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤት የሚያስተምር ሰውም አሥሩ ሳምንት ሲያልቅ «ጨረስን» ካለ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር በቀን አንድ ገጽ፣ ፊደሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ እየወረደ፣ መነበብ አለበት። እስካሁን ያቆየናቸው ሐ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ እና ኀ የሚገቡት በዚህ ጊዜ ነው፤ «ሐኪም»፣ «ሠርግ»፣ «ዓመት»፣ «ፀሐይ» ሲያጋጥሙ፣ «ይሄ ያው ሀ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ ነው» ብሎ ማለፍ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የልጅ ልጅ ለመጠበቅ አሜሪካ የመጡ እናት ማንበብ ካልቻሉ ቤተሰቡ በቀጥታ ወደ ኤ ቢ ሲ ይሮጣል። እኔ በፊደል እንዲጀመር እመክራለሁ። ድምፅ በምልክት እንደሚጻፍ የሚገባን አንዴ ነው፤ ያንን በሚያውቁት ቋንቋ መረዳት ይቀላል፤ ከዚያ የላቲኑ እንደ ሁለተኛ ገበታ ይመጣል። እስራኤል ውስጥም በምንም ቋንቋ አንብበው የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ማስተማሪያው ትምህርት ቤት፣ ገብተው ዕብራይስጥ ሲከብዳቸው፣ የከበዳቸው ቋንቋው ብቻ አልነበረም፤ ማንበብን ራሱን በባዕድ ቋንቋ መጀመሩ ነበር። የአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚያስጨንቃቸው ደግሞ፣ 50 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት የኖሩ ከእንግሊዝኛው ክፍል ነፃ ስለሆኑ የዜግነት ጥያቄዎቹን በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መመለስ ይችላሉ። ስለዚህ ጥድፊያው ያን ያህል አይደለም።

ሦስተኛው ወር ላይ ተማሪዋ ራሳቸው አንድ ሰው ያስተምሩ። ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ፣ ማንም። ባ እና ቦን ባለፈው ወር ያምታቱ ሰው፣ ሌላዋ ለምን እንደምታምታታ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀው ልጃቸው ይልቅ ያውቃሉ፤ የቱ ላይ እንደሚቆሙም አይረሱም። ለማስተማር ሲሉ ካርዱን ሌሊት ያያሉ፤ ያንን ለእኛ ሲሉ አያደርጉትም ነበር። ያን ጊዜ የልጅ ልጁ ሥራ ክፍሉን ለቅቆ መውጣት ነው። ሦስቱ ፖስታም አብሮ ይሂድ፤ አስቸጋሪዎቹ ካርዶች ጀርባ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፣ ለምሳሌ ቦ ላይ «ቀኝ እግሯ አጭር»። አዲሷ ተማሪ የሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የምትጀምረው ከዚያች ማስታወሻ ነው።